ሳያንኳኩ የማይገቡት ጋሽ ከድር

ጋሽ ከድር ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ አረፉ፤ በዚያው ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ ተቀበሩ። የቢሮው ወንዶች በሙሉ ወደ ቀብር ሲሄዱ እኔ መርካቶ ሰባተኛ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቢሯችን ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ሥራ ነበረኝ። ለሃያ ሦስት የጥበቃ ሠራተኞች በየተራ ደውዬ መርዶ መንገር ነበረብኝ።

ከነዚህ ሰዎች መካከል ከአንዱ በቀር ጋሽ ከድርን በአካል ያያቸው የለም። አንዱ ሞጆ አካባቢ የአትክልት ማቀዝቀዣ ክፍል ይጠብቃል፣ ሌላው ወልቂጤ ጄኔሬተር፣ ሌላው መቂ የመስኖ ፓምፕ። ድርጅታችን እነዚህን ዕቃዎች ይሸጣል፤ ሲሸጥም ሲም ካርድ ያላት ትንሽ ሳጥን አብሮ ይገጥምላቸዋል። በሳጥኗ በኩል እኛ መርካቶ ተቀምጠን የክፍሉን ሙቀት እናያለን፣ ብልሽቱን እናነባለን፣ ሲያስፈልግም ሞተሩን እናስነሳለን፣ እናጠፋለን። ያንን በር የሚጠብቁት ጋሽ ከድር ነበሩ። ለጥበቃዎቹ እሳቸው የስልክ ድምፅ ብቻ ናቸው። እንዲያም ሆኖ የወልቂጤው ሰውዬ አለቀሰብኝ። የሞጆው ደግሞ "ታዲያ ከእንግዲህ ማን ነው የሚያንኳኳልን?" አለኝ።

ዘበርጋን ለመጨረሻ አስቀመጥኩት። ዘበርጋ ከቡታጅራ ወዲያ አንድ የቲማቲም እርሻ ላይ የውሃ ፓምፕ ይጠብቃል። በዕድሜ ከእኔ ጥቂት ቢበልጥ ነው። የቀኝ እጁ ሌባ ጣት ጫፍ የለችም፤ ያሳጣሁት እኔ ነኝ። እሱ ግን ጋሽ ከድር እንዳደረጉት ነበር የሚያውቀው፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ አምን ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል ከረምኩ። አሁን ጋሽ ከድር ጥፋቴን ይዘውልኝ ሄደዋል፤ ዝም ብል የሚጠይቀኝ የለም። ይህ ሐሳብ ለአንድ አፍታ ደስ እንዳሰኘኝ ስረዳ በራሴ አፈርኩ።

ደወልኩለት። መሞታቸውን ነገርኩት። 

"ነፍስ ይማር" አለ። ከዚያ "ለቅሶው የት ነው?" ሲል ጠየቀኝ። 

መሳለሚያ ያለውን ቤታቸውን አመላከትኩት። ሌላውን ነገር አልነገርኩትም።

ጋሽ ከድር ኮምፒውተር የነኩት ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ሥራቸው ጓጉንቸር መሸጥ ነበር፤ ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው ዕድሜያቸውን መርካቶ ውስጥ የፈጁት ቁልፍ ሲያዞሩና ሲሞክሩ ነው። የሱቃቸው ተራ ፈርሶ ሕንፃ ሲሠራበት የድርጅታችን ባለቤት እትዬ ብርቄ በስቶር ኪፐርነት ቀጠሯቸው። እትዬ ብርቄ ሰው የሚባል አያምኑም። ጋሽ ከድርን ግን ያምኗቸው ነበርና የሳጥኖቹ ሁሉ የይለፍ ቃል የተጻፈበትን ወረቀት ካዝና ውስጥ እንዲያስቀምጡ ሰጧቸው። ወረቀቱን ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ፤ ኢንጂነር ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ የምሄድበት ዘመን ነው።

ጋሽ ከድር ወረቀቱን ከማስገባታቸው በፊት መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡትና ጠረጴዛዬ ጋ መጥተው ቆሙ።

"ማሂ፣ ይሄ ሁሉ መስመር አንድ ዓይነት ነው እኮ።"

"አዎ ጋሼ። እንዳይረሳብን ብለን ነው። ከፋብሪካም ሲመጣ እንደዚያው ነው።"

"አሃ። አንድ ካርቶን ነዋ" አሉ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። መሳቢያቸውን ከፍተው ሁለት አዲስ ጓጉንቸር አወጡና የአንዱን ቁልፍ ሌላው ውስጥ ከትተው አዞሩት። ጠቅ ብሎ ተከፈተ። ርካሽ ጓጉንቸር ከሆነ አንድ ካርቶን ውስጥ ያለው በሙሉ በአንድ ቁልፍ ሊከፈት እንደሚችል፣ ብዙ ሻጭም ይህን እያወቀ እንደሚሸጥ ያን ቀን ሰማሁ። እሳቸው አዲስ ካርቶን ሲመጣላቸው ሱቃቸውን ገርበብ አድርገው እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር ይሞክሩ ነበር አሉ።

"እኔ እንኳ አንዱን ለሰባተኛ ሰው ከሸጥኩ ወንድሙን ለሲኒማ ራስ ሰው ነበር የምሰጠው" አሉኝ። "ያንቺ ሃያ ሦስቱ ግን አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። ኢንተርኔት አንድ ግቢ አይደለም እንዴ?"

አኮረፍኳቸው። የጓጉንቸር ነጋዴ ሥራዬን ሊያስተምረኝ ነው ብዬ ምሳ ሰዓት ላይ ለጓደኞቼ አማኋቸው። በማግስቱ ግን ቁጭ ብዬ ሃያ ሦስቱንም ቀየርኩ። እሳቸውም እኔን አስቀይመው ዝም አላሉም፤ ከልጆቻቸው ከሚያንሱ ተማሪዎች ጋር ኮሌጅ ተመዝግበው ኔትወርክ ተማሩ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ደንብ የሚያወጡልን እሳቸው፣ የምንከተለው እኛ ሆንን።

ሳጥኖቹ ከውጭ የሚገባባቸው በር እንዳይኖራቸው አደረጉ። ሳጥኗ ራሷ ወደ እኛ ትደውላለች፤ መንገደኛ ግን እሷን አያገኛትም። እኛም ብንሆን መግባት ስንፈልግ ጠይቀን ግማሽ ሰዓት ይሰጠናል፤ ሲያልቅ በሩ በራሱ ይዘጋል። ማየት ለሁላችንም ይፈቀዳል። መንካት ግን፣ ማለትም ማስነሳትና ማጥፋት፣ ጋሽ ከድር ኪስ ውስጥ ባለች አውራ ጣት በምታህል ቁልፍ ነው። ከቤታቸው ቁልፍ ጋር አስረዋታል። ኮምፒውተሩ ላይ ካልተሰካች ምንም ነገር አይነካም።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ማንኛውም ጠንቃቃ ባለሙያ ያደርገዋል። የእሳቸው የብቻቸው የነበረው ማንኳኳቱ ነው። አንድ ሞተር ከማስነሳታቸው በፊት እዚያ ላለው ጥበቃ ይደውላሉ። ሲደውሉ ደግሞ ከወንበራቸው ተነስተው ይቆማሉ፤ ሰውዬው ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ማን ሊያያቸው እንደሆነ እንጃ።

"ከድር ነኝ፣ ከመርካቶ። በሩ ላይ ነኝ። ልግባ?"

"ይግቡ" ካላቸው ይቀመጣሉ። ሲጨርሱ እንደገና ይደውሉና "ወጥቻለሁ፤ በሩን ዘግቻለሁ" ይላሉ። ስልኩ ካልተነሳ ትንሽ ጠብቀው ይደግማሉ፣ ይሠልሳሉ። በሦስተኛውም ካልተነሳ ማንም ይጩህ ማን አይገቡም። ከዚያ ጠንካራ ሽፋን ባለው ደብተራቸው ላይ ማን እንደገባ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንደነካ፣ ስንት ጊዜ እንደተደወለ በእጃቸው ይጽፋሉ። ኮምፒውተሩ ይህንኑ ራሱ እንደሚመዘግብ ብነግራቸው "እሱ የራሱን ይጻፍ" አሉኝ።

አንድ ቀን ተሰላችቼ "ጋሼ፣ ጥበቃው እኮ ስለ ሲስተሙ የሚያውቀው ነገር የለም። ምኑን ነው የሚያስፈቅዱት?" አልኳቸው።

"እኔ የማየው ቁጥር ነው" አሉ። "እሱ የሚያየው ዕቃውን ነው። ከሁለታችን ቤት ያለው ማን ነው?"

እትዬ ብርቄም ደጋግመው ሞክረዋቸዋል። ዱባይ ዕቃ ሊያመጡ በሄዱ ቁጥር ከሆቴላቸው ሆነው በስልካቸው ሞተር ማስነሳት ያምራቸዋል። ጋሽ ከድር ማየቱን ፈቀዱላቸው፤ መንካቱን ግን ከለከሉ። "ንብረቱን የሸጥኩት እኔ፣ የምከለከለውም እኔ?" ብለው እትዬ ብርቄ ተቆጡ። "ሸጠውታል አይደል? እንግዲያማ የሰው ነው" አሏቸው። እትዬ ብርቄ ለሳምንት ያህል አላናገሯቸውም፤ ከዚያ ከዱባይ ሽቶ ይዘውላቸው መጡ።

በመንገድ ላይም ያው ናቸው። ለምሳ ስንወጣ በየተዘጋው ሱቅ የተንጠለጠለውን ጓጉንቸር በዓይናቸው እየመዘኑ ነው የሚሄዱት። አንድ ቀን አንድ የጫማ ሱቅ ባለቤቱ ወጥቶ፣ ጓጉንቸሩ ተንጠልጥሎ ሳይቆለፍ ቀርቶ አዩ። ባለ ሱቁን አያውቁትም። እኔ ጠቅ አድርጌ ልዘጋው እጄን ስዘረጋ ክንዴን ያዙኝ።

"ቁልፉ ውስጥ ቢሆንስ?"

"እንዲያ ከሆነ ክፍት እንተወው?"

"እንጠብቀዋለን" አሉ። እኔ ርቦኝ ጥያቸው ሄድኩ። በልቼ ስመለስ በጸሐይ ቆመዋል፤ ባለ ሱቁ ሲመጣ በትህትና ሰላም ብለውት፣ ነገሩን ሳያካብዱ ተከተሉኝ። ምሳቸውን ሳይበሉ ዋሉ። እኔ ደግሞ ለአንድ ጓጉንቸር ይህን ያህል መድከም ምን የሚሉት ነገር ነው ብዬ ስነጫነጭባቸው ነበር። ሰውዬው ንብረቱን ቢያጣ የሚያሳዝነኝን ያህል፣ በራሱ በር ላይ ተቆልፎበት ቢቆም እንደሚያሳዝነኝ ያሰብኩት በኋላ ነው።

አሁን ወደ ዘበርጋ ጣት ልምጣ። አርብ ነበር። ጋሽ ከድር ለጁምዓ ሶላት ሲወጡ ቁልፏም አብራቸው ስለምትወጣ ለሁለት ሰዓት ያህል ምንም ነገር ማስነሳት አንችልም፤ ደንበኞች በዚህ ያማርራሉ፣ እትዬ ብርቄም ያማርራሉ። በዚያ አርብ እትዬ ብርቄ ጠዋቱን ሙሉ ሲነዘንዟቸው ዋሉ። በመጨረሻ ጋሽ ከድር ቁልፏን ከቀለበቱ ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጧት። ሲሰጡኝ ደስ እንዳላላቸው ፊታቸው ላይ ይታያል።

"ደውይ። ሦስቴ" አሉኝ።

"እሺ ጋሼ" አልኩ። የልጅ ትእዛዝ የተሰጠኝ ያህል ተሰምቶኝ ነበር።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ የቲማቲም እርሻው ባለቤት ደወለ። ፓምፑ ቆሟል፣ ችግኙ ከተተከለ ሁለት ቀኑ ነው፣ ጸሐዩ እየፈጀው ነው። ስክሪኑን አየሁ። ሞተሩ ጭነት በዝቶበት ራሱን አጥፍቷል፤ አሁን ግን ቀዝቅዟል፣ ለመነሳት ዝግጁ ነው ይላል። ለዘበርጋ ደወልኩ። ጮኾ ጮኾ ዘጋ። ባለ እርሻው በሌላኛው ስልክ "ኧረ እህቴ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?" ይለኛል። እንደገና ልደውል ቁጥሩን ፈለግኩ። ከዚያ ተውኩት። ቁልፏን ሰክቼ አስነሳሁ።

ፓምፑ ጥቂት ሰከንድ ሠርቶ ቆመ። ሌላ ብልሽት መስሎኝ እያነበብኩ ሳለ ከዘበርጋ ስልክ ተደወለ፤ የሚያወራው ግን ሌላ ሰው ነበር። ሞተሩን ከፓምፑ የሚያገናኘው ቺንጊያ ላይ ማዳበሪያ ጆንያ ተጠምጥሞ ነው መጀመሪያ የቆመው። ዘበርጋ መብራት የጠፋ መስሎት፣ ክዳኑን ከፍቶ ጆንያውን በእጁ እየጎተተ ነበር።

ጋሽ ከድር ሲመለሱ ቆብ ጭንቅላታቸው ላይ ነበር። የሆነውን ነገርኳቸው። አልጮሁብኝም። ቁልፏን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱ።

"ስንቴ ደወልሽ?"

"አንዴ።"

ደብተሩን ከፍተው ፊቴ አስቀመጡት። "ጻፊው" አሉ። ሰዓቱን ጻፍኩ፣ ስሜን ጻፍኩ፣ "አንዴ ተደወለ" ብዬ ጻፍኩ። እስክጨርስ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ዘበርጋን ወደ ጤና ጣቢያ ወደወሰደው ሰው ደወሉና ስልኩ ለራሱ ለዘበርጋ እንዲሰጥ ለመኑ።

"ልጄ፣ ከድር ነኝ። ሳላንኳኳ የገባሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

እጄን ባወናጭፍም አላዩኝም። ሲዘጉት "ጋሼ፣ ለምን እንደዚያ አሉት? እኔ ነኝ እኮ" አልኳቸው።

"ቁልፉ የማን ነው?"

"የእርስዎ።"

"በቃ" አሉ።

በማግስቱ በሚኒባስ ወደ ቡታጅራ ሄዱ። አንድ ቀይ እጀታ ያለው የመብራት ማቋረጫና አንድ ጓጉንቸር ይዘው ነበር፤ ጓጉንቸሩን ከድሮ ባልደረባቸው ሱቅ ካርቶኑ ውስጥ ካሉት ሁሉ ጋር ሲሞክሩ አርፍደው ነው የገዙት። ማቋረጫው ቺንጊያው አጠገብ ተገጠመ። ዘበርጋ እጀታውን አውርዶ ከቆለፈው ከመርካቶ አይደለም ከየትም ቢሆን ፓምፑ አይነሳም፤ ቁልፉም ያለው እሱ አንገት ላይ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያንኑ በሃያ ሦስቱም ቦታ አስገጠሙ። የአርብ ጉዳይም እትዬ ብርቄ ዳግመኛ አላነሱትም።

ወደ ቡታጅራ ሊሄዱ ሲሉ "ልምጣ?" ብያቸው ነበር። "ስትዘጋጂ ራስሽ ትሄጃለሽ" አሉኝ። አልሄድኩም። እሳቸውም አንድም ቀን አላስታወሱኝም። ዘበርጋ ጋ ሲደውሉ ብቻ፣ ስልኩን ወደ ጆሯቸው ከማምጣታቸው በፊት ወደ እኔ አንዴ ያያሉ። እኔ ኮምፒውተሬ ላይ አቀረቅራለሁ።

ሐሙስ፣ የለቅሶው ሦስተኛ ቀን፣ ቤታቸው ሰው ሞልቶ ነበር። ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ ዱዓ ያደርጋሉ፣ እኛ ሴቶቹ ውስጥ ነን። የመጀመሪያ ልጃቸው የአባቷን ቁልፎች ይዛ መጥታ ትንሿን ነጥላ ለእትዬ ብርቄ ሰጠቻቸው። እትዬ ብርቄ ዓይናቸው አብጧል፤ ሦስት ቀን ከዚያ ቤት አልጠፉም። ቁልፏን መዳፌ ላይ አድርገው ጣቶቼን ዘጉልኝ።

"ከእንግዲህ አንቺ ያዢው" አሉ ቀስ ብለው። "ስልኩን ግን እንተወው፣ ማሂ። ማቋረጫው ገብቷል። ጊዜ ይፈጃል። የእሳቸው አመል ነበር፣ ከእሳቸው ጋር ይረፍ።"

እሺም እንቢም ሳልል ስልኬ ጠራ።

"ዘበርጋ ነኝ። በሩ ላይ ነኝ። ልግባ?"

የለቅሶ ቤት ተደውሎ አይገባም፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ሰው እንደ ጅረት ይገባል ይወጣል። ወጣሁ። ዘበርጋ ከግቢው በር ውጭ፣ ከሚገባው ሰው ፈንጠር ብሎ፣ ኮቱን ቆልፎ ቆሟል። እጄን ሲጨብጥ የጎደለችው ጣቱ መዳፌ ውስጥ ታወቀችኝ።

"ፓምፑን ለማን ተውከው?" አልኩት።

ከሸሚዙ ሥር ክር ስቦ ቁልፉን አሳየኝ። "ቆልፌያት ነው የመጣሁ። እስክመለስ ማንም አያስነሳትም። ባለ እርሻው ይጩህ።"

ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ጋር እንባዬም መጣ። አሁን ካልነገርኩት መቼም እንደማልነግረው ገባኝ።

"ዘበርጋ፣ ያን ቀን ጋሽ ከድር አልነበሩም። እኔ ነበርኩ ያስነሳሁት።"

"አውቃለሁ" አለ።

"ነገሩህ?"

"እሳቸውማ እኔ ነኝ ብለው ድርቅ አሉ። እዚያ ድረስ መጥተውም እኔ ነኝ ነው ያሉት።" ቁልፉን ወደ ሸሚዙ መለሰው። "እሳቸው ግን ሦስቴ ነው የሚደውሉት። ያን ቀን ስልኬ አንዴ ጮኸና ዝም አለ። እጄ ግራሶ በግራሶ ነበር። ሁለተኛውን ሲደውሉ ጠርጌ አነሳለሁ ብዬ እየጠበቅኩ ነበር።"

የግቢውን አጥር ተደገፍኩ። ዘበርጋ አልተቆጣም፤ እንደዋዛ ነው የነገረኝ፣ እኔ ደግሞ የማውቀው ነገር መስሎት ነው። እትዬ ብርቄ ጊዜ ይፈጃል ያሉት ያንን ሁለተኛውን ስልክ ነው። ቁልፏ አሁንም መዳፌ ውስጥ ነበረች፤ ለእትዬ ብርቄ የምመልስላቸውን መልስ ያን ጊዜ አወቅኩ።

"ይቅር በለኝ" አልኩት።

"ጋሼ ሳሉ ነበር የምጠብቅሽ" አለ። "ለማንኛውም ዛሬ ነገርሽኝ።"

ሰዎች በመካከላችን እያለፉ ገቡ። መንገዱን ለቀቅኩለት፤ እሱ ግን ካለበት አልተነቃነቀም።

"ግባ አላልሽኝም እኮ" አለኝ።

"ግባ" አልኩት።